ወላጅ ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል?

የሁለት ልጆች አባት፦ ትናንት ማታ የሰባት ዓመቱ ልጄ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ደፋ። ጮህኩበት። ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው የፈሰሰው ውሃ ላይ አይደለም፤ እጄ ላይ ነው። መትቼው አላውቅም። ግን ያን ቀን አለቃዬ ሰው ፊት አዋርዶኝ ነበር ቤት የገባሁት፤ ጩኸቱም ለአንድ ብርጭቆ ውሃ የሚመጥን አልነበረም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝና ከመተኛቱ በፊት «እንደዚያ የጮህኩት በሌላ ነገር ተናድጄ ነው፤ ይቅርታ» አልኩት። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይሰማህም» አለኝ። እኔ ግን ራሱን የማይመረምር ወላጅ የራሱን ብስጭት ተግሣጽ እያለ ይኖራል ባይ ነኝ። እናንተስ?

አራት ያሳደጉ አያት፦ ልጄ፣ ወንድምህ እውነቱን ነው። የዛሬ ወላጅ ሌሊቱን ራሱን ሲከስ ያድርና ጠዋት «አይሆንም» ለማለት አቅም ያጣል። አንዲት እናት እያለቀሰች ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻለሁ። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። የእናቷን እንባ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች «ግድ የለም እማዬ» ትላለች። እስቲ ንገሩኝ፣ እዚያ ቤት ትልቋ ማን ናት?

መምህር፦ እማማ፣ የልጅቷ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። ክብር ይቀንሳል የሚለውን ግን አልቀበልም። ፖላንዳዊው ሐኪም ያኑሽ ኮርቻክ ዋርሶ ውስጥ በሚመራው የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ዳኞቹ ልጆች የሆኑበት ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር። በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ራሱን ከስሶ ቀርቧል፤ አንዴ ልጅ በመምታቱ፣ አንዴ አንዲትን ልጅ ሰርቃለች ብሎ በመጠርጠሩ። አላለቀሰም፣ አልተለማመጠም። ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ፍርዱን ተቀበለ።

ወጣት አባት፦ ያ ማሳደጊያ ነው፣ ቤት ሌላ ነው። እኔን አባቴ በቁጣ አሳድጎኛል፤ ምንም አልሆንኩም።

የሥነ ልቦና አማካሪ፦ ወንድሜ፣ «ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ቃል በሥራዬ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ቆም ብዬ የማዳምጠውም እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የለንደን ጥናት አለ። እርጉዝ እናቶች ስለ ራሳቸው ልጅነት ተጠየቁ። ልጆቻቸው አንድ ዓመት ሲሞላቸው ከእናታቸው ጋር ያላቸው ትስስር ሲታይ፣ ከአራት ልጆች በሦስቱ ያህል እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ ስለ ልጅነቷ ከተናገረችበት መንገድ ጋር ገጠመ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ለመልካም ትስስር የግድ መልካም ልጅነት አላስፈለገም። ክፉ ያሳለፈች እናት እንኳ ያሳለፈችውን ሳትክድ፣ ሳታሳምር፣ ወሬዋ ፈሩን ሳይስት መናገር ከቻለች ልጇ ተማምኖባት ተገኝቷል። «አባቴ ግሩም ሰው ነበር» ብሎ አንድም ትዝታ መጥቀስ ያቃተው ሰው ግን ያሳስበኛል።

አራት ያሳደጉ አያት፦ እኔም እናቴን እንዲያ እያልኩ ነው የኖርኩት። ይህን ሳስበው ልደር። ግን በየጥፋቱ ይቅርታ የሚለውን አሁንም አልወደውም፤ ቃሉ ይረክሳል። አንተ ልጄ፣ ይቅርታ ስትጠይቀው አልቅሰህ ነበር?

የሁለት ልጆች አባት፦ አላለቀስኩም፣ እማማ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት። ደግሞም ደንቡ አልተነሳም። ዛሬ ጠዋት ሲቀመጥ «ብርጭቆ በስንት እጅ ነው የሚያዘው?» አልኩት። «በሁለት» አለና ያዘው። ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ነበር።