የጣና ዳርቻ ጥናት ወረዳ እንዲደርስ፦ የጋራ ዕቅዳችን፣ ሁለተኛ ዙር

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ አረሙ እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደተሠራበት ታውቃላችሁ። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ጋ የደረሰው ግን ጥቂት ነው። በስልክና በኮምፒውተር እንዴት እናድርሰው? ረቂቁን ሐሙስ እዘጋዋለሁ።

የካርታ ባለሙያው፦ እኔ ዳሽቦርድ ነው የምለው፤ ካርታውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የሚያዩበት ገጽ። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ሐይቁን በየ5 ቀኑ ያነሳል፣ ምስሉ ነጻ ነው፣ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ክረምት ላይ ደመናው ሲከለክለን ደመና የማያግደውን የሴንቲኔል 1ን ራዳር እንጠቀማለን። ኃላፊው ወረዳውን ይጫናል፣ አረሙን ያያል። አለቀ።

ወረዳ የሠራችው አባል፦ ወንድሜ፣ አላለቀም። እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶልን ነበር። የይለፍ ቃሉ አንድ ሰው እጅ ነበር፤ ሰውየው ሲዛወር አብሮት ተዛወረ። ቀጥሎ ካርታ በፒዲኤፍ ተላከልን። ያለን ማተሚያ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ቀዩ "ከባድ ወረራ" እና አረንጓዴው "ንጹሕ ዳርቻ" አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። ስብሰባው ላይ ኃላፊው ትንሽ አየውና የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። አልፈረድኩበትም።

እኔ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። በአማርኛ፣ በቴሌግራም፣ በቀበሌ ስም። በቀለም ፈንታ ሰረዝና ነጠብጣብ ይሁን። ሄክታሩን ብቻ አትንገሩኝ፤ ለመንቀል ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅም ጻፉልኝ። ጊዜውም አለ። አረሙ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በጀት ዓመቱ ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥቅምት ላይ ካርታ ብትልኩልኝ ብሩን ከየት ላምጣ? ዕቅድ ሳንዘጋ፣ ሚያዝያ ላይ ያለፈውን ዓመት ላኩልኝ።

ከጎርጎራ አባል፦ ልጆች፣ ነፋሱን ረሳችሁት። ጠዋት እኛ ደጅ ያለው እምቦጭ ማታ ሌላ ቀበሌ ተጠግቶ ይገኛል። ሦስት ቀን ባለፈው ምስል ሰው ብትልኩ ባዶ ውሃ አይቶ ይመለሳል። በታንኳ የሚወጣው ዓሣ አጥማጅ ያየዋል። ፎቶና ቦታውን በስልኩ ይላክ።

የካርታ ባለሙያው፦ ልክ ነዎት ጋሼ። እንዲያውም ሌላ ችግር ይፈታልኛል። ፎገራ በኩል ሩዝ አለ፣ ዳር ዳሩን ደንገል አለ። ከላይ ሲታዩ ሁሉም አረንጓዴ ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ይምታታበታል። ፎቶው ያርመዋል። እሺ፣ ተሸንፌያለሁ፤ ዳሽቦርዱ የእኛ የውስጥ መሥሪያ ይሁን፣ የሚወጣው አንዱ ገጽ ብቻ።

ተመራማሪዋ፦ አንድ ነገር ብቻ። ካርታው ባዶ ሲሆን "ጠፍቷል" ብለን እንዳንጽፍ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ውሃው ሲመለስ እንደገና ይበቅላል። "በዚህ ቀን ምስል ላይ አረም አልታየም" እንበል። ኃላፊው አንዴ "ጠፍቷል" ብሎ ሪፖርት ካደረገ በኋላ በጀት መጠየቅ ይከብደዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ገብቷል፤ የተመራማሪዋን ቃል እንዳለ አስገብቼዋለሁ። ሙከራው በፎገራና በደምቢያ ይሁን። የቀረን የዓሣ አጥማጆቹ የኢንተርኔት ወጪ ነው፤ በጀቱ ውስጥ የለም። ጋሼ፣ ለአንድ ሰው በወር ስንት ብር እንደሚበቃ እዚያው ጠይቀው እስከ ረቡዕ ይላኩልኝ።