ግረብ አዲሱን ከርነል አላነብም አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ከእህቴ ጋር ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለን። የምንሠራው በአሮጌ ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ ነው። የድሮው 80 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ሲበላሽብን ያገለገለ 500 ጊጋባይት ገዝቼ ዴቢያን ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ሙሉውን በአንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል)። ለወራት ምንም አላለም።

ሰኞ ዕለት አፕዴት አደረግኩት። የግረብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜኑ ይመጣል። አዲሱን ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) ስመርጥ ግን ከዲስኩ ውጭ ለማንበብ ተሞከረ የሚል ስህተት ጽፎ ቀጥ ይላል። የድሮውን ከርነል ስመርጥ ደግሞ ደህና ይነሳል! ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የመነሻ ፕሮግራም) ገብቼ ሳይ ዲስኩን 137 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚለው።

እንደገባኝ ግረብ ዲስኩን የሚያነበው በባዮስ በኩል ነው። የዚህ ባዮስ አድራሻ ባለ 28 ቢት ስለሆነ ከ137 ጊጋባይት አያልፍም፤ አዲሱ ከርነል ከዚያ ወዲያ ሳይጻፍ አልቀረም። ሊኑክስ ራሱ አንዴ ከተነሳ ባዮስን ስለማይጠብቅ ሙሉውን ያያል።

ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለቡት (ከርነሉን ለያዙት የማስነሻ ፋይሎች) ትንሽ ፓርቲሽን መሥራት እንደሚያድን አውቃለሁ። ግን ዋናውን በጂፓርትድ (ፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም) ወደ ኋላ መግፋት ሰዓታት ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ? ዩፒኤስ የለንም፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚያው ላይ ነው። እሱን ዛሬ ማታ ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ።

ዋናውን ፓርቲሽን ከጀርባው ቆርጬ ከ137 በታች ባደርገው ይበቃል? ወይስ ቡቱን ፍላሽ ላይ ማድረግ ይሻላል? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።