መጠጥና አመጋገብ ለወንዶች ራሰ በራነት ምክንያት ይሆናሉ?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እኅቶች። ዕድሜዬ 28 ነው፤ የምሠራውም ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ፀጉሬ ከግንባሬ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ አናቴም ላይ ቆዳው እስኪታይ ድረስ እየሳሳ መጥቷል። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቢራ እጠጣለሁ፤ አገር ቤት ስሄድም ጠላ፣ አልፎ አልፎም አረቄ ይቀርብልኛል። እናቴ «ይህ የመጠጡ ሥራ ነው» እያለች ታዝናለች፤ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ደግሞ ዐቢይ ጾምን ሙሉውን ስለምጾም ምግብ አንሶህ ነው ይለኛል። አንድ ነጋዴ የባዮቲን እንክብልና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግዛ ብሎ እየወተወተኝ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስላረፈ ፀጉሩ እንዴት እንደነበር አላስታውስም፤ የእናቴ ወንድሞች ግን ሁለቱም በራ ናቸው። መጠጡን ባቆምና አመጋገቤን ባስተካክል የሄደው ፀጉር ይመለስልኛል?

ፋርማሲስት፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ ከግንባር ጥግ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሸሸውና አናት ላይ ክብ እየሠራ የሚሰፋው የፀጉር መሳሳት የወንዶች ራሰ በራነት የታወቀ መልክ ነው። ይህን የሚያመጣው በዘር የሚወረስ የፀጉር ሥር ጠባይ እንጂ ቢራውም ሽሮውም አይደለም። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በአንድ ኤንዛይም አማካይነት ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይለወጣል። በዘራቸው ለዚህ ሆርሞን ስስ የሆኑ የፀጉር ሥሮች ዲኤችቲ ሲያገኛቸው፣ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይቆይ የነበረው የፀጉር ማደጊያ ጊዜ በየዙሩ እያጠረ፣ ፀጉሩም እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳና የማይታይ ይሆናል።

ነገሩ በግምት የተባለ አይደለም። ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት፣ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ በቤተሰባቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ግን ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ፀጉራቸው መመለጥ እንደሚጀምር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ያ ኤንዛይም ከተፈጥሮ የጎደላቸው ወንዶች እንዳሉና እነርሱም በራ እንደማይሆኑ ታወቀ። ዛሬ የምናውቀው ፊናስተራይድ የተባለው መድኃኒት የተነሣው ከዚህ ግኝት ነው።

የአጎቶችህን ነገር ማንሣትህ ጥሩ ነው። የወንድ ሆርሞንን የሚቀበለው ዘረ መል የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ ወንድ ልጅ እርሱን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ሌሎች ብዙ ዘረ መሎች ከአባትም ስለሚመጡ ግን የእናት ወገን ብቻውን አይወስንም።

መጠጥን በተመለከተ፣ ለዓመታት አብዝቶ መጠጣት ጉበትን ሲጎዳ የሆርሞን ሚዛን ይዛባል፤ ያን ጊዜ የሚሳሳው በአብዛኛው የብብትና የደረት ፀጉር እንጂ የግንባር መስመር አይደለም። በምግብ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና ወጣት ወንዶች ላይ የተደረገ መጠይቅ ስኳር የበዛባቸውን መጠጦች የሚያዘወትሩት ዘንድ ራሰ በራነት በርከት ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው ግን አንዱ ሌላውን አምጥቷል ለማለት ስለማይበቃ እኔ ብዙ ክብደት አልሰጠውም። ከሲጋራ ጋር ያለው ዝምድና ከዚህ ይልቅ በተደጋጋሚ የታየ ነው፤ የምታጨስ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን ተው።

ጡረተኛ መምህር፣ ከሐይቅ

አብሽር ልጄ። እኛ ቤት መጠጥ ገብቶ አያውቅም፤ አባቴም አጎቶቼም አንድ ጉንጭ ሳይቀምሱ አርጅተዋል፤ ሁላችንም ግን ሠላሳ ሳይሞላን አናታችን ተገልጧል። ከእኛ ቤት አልፎ ያለው ጎረቤቴ ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከአረቄ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ፀጉሩ ግን ዛሬም ሸብቶ እንኳ ጥቅጥቅ እንዳለ ነው። እናትህን አትቀየማት፤ የምትናገረው ስለምትሳሳልህ ነው። መጠጥን ለመተው ጉበት፣ ኪስና ትዳር በቂ ምክንያት ይሆኑሃል። ለፀጉሬ ብለህ ካቆምህ ግን ፀጉሩ መሸሹን ሲቀጥል ተስፋ ቆርጠህ ወደ ብርጭቆው እንዳትመለስ እሰጋለሁ። እናቶቻችን የሚቀቡን ቅቤም ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ቆዳንም ከመድረቅ ያድናል፤ በዘር የሸሸን ፀጉር ሲመልስ ግን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከወልዲያ

በቀደሙት አስተያየቶች እስማማለሁ፤ ምግብ ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ እንዳይወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ከራሰ በራነት የተለየ ሌላ የፀጉር መርገፍ አለ። ከብርቱ ትኩሳት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከድንገተኛ ክብደት መቀነስ ሁለት ሦስት ወር በኋላ ይጀምራል፤ ጥግ ሳይመርጥ ከመላው ራስ ላይ በእፍኝ ይረግፋል፤ መነሻው ሲወገድም አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ለማንም ሰው የተለመደ ነው። ትራሱና ማበጠሪያው ላይ ከዚህ እጅግ የበዛ ካየህ፣ ወይም ድካምና የትንፋሽ ማጠር ካለብህ፣ የደም መጠንህንና በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን የፌሪቲን ምርመራ አሠራ። ሁለቱ ዓይነት በአንድ ራስ ላይ ሊደረቡም ይችላሉ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ወንድ ልጅ የብረት እጥረት ሲገኝበት «ጾም ነው» ተብሎ የብረት ክኒን ተሰጥቶት ብቻ መሸኘት የለበትም። ወንድ ወር በወር የሚፈስሰው ደም ስለሌለ፣ ደሙ በየት በኩል እየወጣ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ ኪንታሮት፣ በባዶ እግር ለሚያርስ ሰው ደግሞ የመንጠቆ ትል ከተለመዱት መካከል ናቸው። አረቄ የታመመ ጨጓራን እንደሚያባብስ አትርሳ፤ መጠጥ በዚህ በኩል ዞሮ ፀጉርን ሊነካ ይችላል።

ጾሙን በራሱ አልፈራውም። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በየቀኑ ከገበታ የማይጠፉበት ጾም ፕሮቲን አያሳጣም፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲታከልበት ብረቱ ይበልጥ ወደ ሰውነት ይገባል። የኛ ችግር ቡናው ነው። እንጀራው ከአፋችን ሳይወርድ አቦል ይቀዳል፣ ቶናና በረካ ይከተላሉ፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ መልካም ነው።

ባዮቲኑን አትግዛ። እውነተኛ የባዮቲን እጥረት ብርቅ ነው፤ በብዛት ሲወሰድ ግን የታይሮይድና የልብ ድካም ምርመራ ውጤቶችን ሊያዛባ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። የጀመርህ ከሆነ ደም ስትሰጥ ለባለሙያው ንገር። ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም ደግሞ ሲበዙ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፀጉሬ በእፍኝ አይረግፍም፤ የሚሳሳው በጥጉና በአናቴ ብቻ ነው፤ ድካምም የለብኝም። እንግዲያስ መድኃኒት ልጀምር ብል፣ ከቅዳሜው ቢራ ጋር ይጣላል? በመጪው ዓመት ጋብቻ ስላሰብሁ ይህም ያሳስበኛል።

ፋርማሲስት፣ ከደሴ

ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው በራስ ቆዳ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል ነው፤ ቀድሞ የደም ግፊት ክኒን የነበረ ሲሆን፣ ፀጉር እንደሚያበቅል ከታየ በኋላ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች ራሰ በራነት ተፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ ስለሚችል ብዙዎች ደንግጠው ያቆሙታል፤ ለውጡ የሚታየው ግን ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ሲቆምም ያተረፈው ፀጉር ይሄዳል። የሚቀባው ፈሳሽ ውስጥ አልኮል ስላለ ቆዳን ሊያደርቅና ሊያሳክክ ይችላል፤ ከምትጠጣው ቢራ ጋር ግን አይገናኝም። በአፍ የሚወሰደው ሚኖክሲዲል የደም ግፊትን ስለሚቀንስ ከመጠጥ ጋር ሊያዞርህ ይችላልና ያለ ሐኪም አትንካው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1997 ለራሰ በራነት የተፈቀደው፣ በቀን 1 ሚሊ ግራም የሚዋጠው ፊናስተራይድ ነው። ከቢራ ጋር የታወቀ ጠብ የለውም። ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትንና የብልት መቆምን ያዳክማል፤ የመንፈስ ጭንቀት የተሰማቸውም አሉ፤ ይህን ከጋብቻው አስቀድመህ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ተነጋገርበት። የወንድ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒን በእጇ መንካት የለባትም። መድኃኒቱን እየወሰድህ ደም አትለግስም፤ ካቆምህ በኋላም አንድ ወር ትቆያለህ።

ሁለቱም ያለውን ፀጉር ከማቆየት ጋር የቀጠነውን ያወፍራሉ፤ ለረጅም ዓመታት በራ ሆኖ የቆየን ቦታ ግን እምብዛም አይመልሱም፤ ስለዚህ ከወሰንህ አታዘግይ። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መምጣት ከቻልህ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። እዚያ ከመሄድህ በፊት ፀጉርህን አትላጭ፤ ሐኪሙ የወፍራሙንና የቀጠነውን ፀጉር ስብጥር ማየት አለበት። የሁለትና የሦስት ዓመት ፎቶግራፍ ካለህም ይዘህ ሂድ።