ድሮ አራሶችን የገደለው ሆስፒታል ነው ወይስ ቤት?

መነሻ፦ ትናንት አንድ ሰው "እናቶቻችን እቤት ወልደው ጤነኛ ነበሩ፣ ከወሊድ በኋላ የሚይዘውን ኢንፌክሽን ያመጣው ሆስፒታል ነው" ብሎ ነበር። ምን ትላላችሁ?

ከሐይቅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልለቅም። በፈረንጆች 1840ዎቹ ቪየና ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበረው። አንዱን ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ ሌላውን አዋላጆች ያዙት። በሐኪሞቹ በኩል ከ100 ወላድ ወደ 10 ይሞቱ ነበር፣ በአዋላጆቹ ወደ 4። ሴቶቹ የሐኪሞቹ ክፍል አታስገቡን ብለው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ የወለዱት እንኳ የተሻለ ይተርፉ ነበር!

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ ተውከው እኮ። ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እጃቸውን በወጉ ሳያጸዱ ወደ ወላዷ ይመጡ ነበር። በ1847 ዜሜልቫይስ የሚባለው ሐኪም ጓደኛው በአስከሬን ምርመራ ላይ በቢላ ተቆርጦ ሞተበት፤ ሕመሙ ቁርጥ የአራሶቹን ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በክሎሪን ውሃ ያልታጠበ እጅ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። ኤፕሪል ላይ ከ100 ወላድ 18 ያህል የነበረው ሞት ጁን ላይ 2 ያህል ሆነ። እቤት የሚያዋልድም እጅ አለው።

ከወልድያ፦ "ጤነኛ ነበሩ" የምትሉት የሞቱትን ማን ቆጥሮ ነው? በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያንቀጠቅጣታል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ፈሳሹ ይሸታል። እኛ ሰፈር "ምች መታት" ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል፣ ዱበርቲዎቹ (ለወላድ የሚጸልዩ የሰፈር እናቶች) ዱዓ ያደርጉላታል። የተረፈችው ትተርፋለች፣ ያልተረፈችው ትቀበራለች፣ ምክንያቱን የጻፈ የለም።

ከደሴ፦ ፈረንጅ አገርም ቢሆን በ1930ዎቹ አጋማሽ ሰልፋ የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ ትኩሳቱ አንዴ ከጀመራት ሐኪሙ ብዙ የሚያደርግላት አልነበረም።

ከሐይቅ፦ እሺ፣ እጅ ነው እንበል። ጤና ጣቢያው ቧንቧው ከደረቀስ? "ውሃ በጀሪካን ይዛችሁ ኑ" የሚባልበት ቦታ አለ። እዚያ ባለቤቴን የምወስዳት ምን ላይ ተማምኜ ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ በዚህ አልከራከርህም። ውሃ የሌለው ማዋለጃ ክፍል ያስፈራል፣ እኛንም ያስጨንቀናል። ግን ትኩሳት ቢጀምራት አንቲባዮቲኩን በደም ሥር የሚሰጣት ማን ነው? እቤት ማንም የለም። እባክህ ውሰዳት።

ከሐይቅ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እወስዳታለሁ። እናንተ ደግሞ ጤና ጣቢያው ውሃ ስለሌለው የቀረችውን እናት "ለምን አልመጣሽም" ብላችሁ አትውቀሷት።