ሰኮናው ከተቆረጠ ወዲህ ፈረሴ ያነክሳል፣ ምን ላድርግ?

ባለዳማው (እንጅባራ)
ሰላም ጎበዝ። ስምንት ዓመት የሞላው ዳማ ፈረስ አለኝ። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይድረስልኝ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ሰኮናውን አስቆረጥኩት። ቆራጩ ቀኝ የፊት እግሩን ሲያስተካክል ደም አየሁና ደነገጥኩ፣ «ምንም አይደል፣ ይደርቃል» አለኝ። በማግስቱ ኮረት ላይ ሲረግጥ ሰቀቅ ይል ነበር፣ ሣር ላይ ግን ደህና። ከትናንት ወዲህ ጭራሽ ብሶበታል። ዛሬ ጧት ውሃ ላጠጣው ስገባ በሦስት እግሩ ቆሞ፣ አራተኛውን በጫፉ ብቻ መሬት አስነክቶ አገኘሁት። ገብሱንም ግማሹን ትቶታል። ጎረቤት «ትከሻው ነው፣ በጋለ ብረት ይተኮስ» ይላል፣ እኔ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።

ጋሪ ነጂ (ደብረ ማርቆስ)
ወንድሜ፣ በማርያም እንዳታስተኩሰው! የኔም እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ እኔ ሰው ሰምቼ ትከሻውን አስተኮስኩት። ሕመሙ ያለው ታች ሰኮናው ውስጥ፣ ቁስሉን ደግሞ እኛ ላይ ጨመርንበት። እስካሁን ጠባሳውን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሰኮናውን በእጅህ ያዝ፣ ከግራው ጋር አስተያየው። ትኩስ ነው?

የእንስሳት ሐኪም (ዳንግላ)
የነገርከን ነገር መግል ይመስላል። ሰኮና ከልክ በላይ ሲቆረጥ የታችኛው መርገጫ ይሳሳል። ያኔ ድንጋይ ቶሎ ያቆስለዋል፣ ጭቃና አዛባም በስንጥቁ ይገባል። መቆረጡ ብቻ ያመመው ፈረስ ለስላሳ መሬት ላይ ከቀን ወደ ቀን ይሻለዋል። ያንተ ግን ሣር ላይ ደህና ሆኖ ከቆየ በኋላ በድንገት እግሩን ማንሳቱ ነው የሚያሳስበኝ።

ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ በጣትህ ጫን አድርገህ የደም ሥሩን ፈልግ። በጤነኛ እግር ትርታው በጭንቅ ነው የሚገኘው፣ መግል ካለ ግን ጣትህን እየመታ ይሰማሃል። ከዚያ ሐኪም ጥራ። መግሉን የሚከፍተው እሱ ነው፣ አንተ በቢላ አትቆፍር። እስኪመጣ ድረስ ለብ ባለ ጨው ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው። አድርቀህ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለውና ከላይ በአሮጌ ካላማዳሪ እሰረው። ጭቃ እንዳይገባ ነው። አዛባ ወይም ቅቤ እንዳትቀባው። ደረቅ ጭድ ጎዝጉዝለት።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከትቦ ያውቃል? ካላወቀ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገረው። ፈረስ በዚህ በሽታ ከብዙ እንስሳ ይበልጥ ይጠቃል፣ ጀርሙ ደግሞ አፈሩም አዛባውም ውስጥ አለ። ሁለቱም የፊት እግሮቹ ትኩስ ከሆኑና ወደ ኋላ ተደግፎ ከቆመ ግን ሌላ ከባድ በሽታ ነው፣ ማታም ቢሆን ጥራው።

ባለዳማው (እንጅባራ)
እግዜር ይስጥልኝ። ትርታው እንዳላችሁት ጣቴን ይመታል፣ ግራው ላይ ምንም የለም። ሐኪሙ ከሰዓት መጥቶ ከፈተው። ጥቁር ግራጫ የሚሸት ነገር ፊን ብሎ ወጣ፣ ፈረሱም ወዲያው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ እኔም አብሬው። ክትባት አልነበረውም፣ መርፌውን ተወጋ። አሁን እግሩን መሬት አስነክቶ ድርቆሹን እየበላ ነው። ለጥር 23 ይደርስልኝ ይሆን? ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የእንስሳት ሐኪም (ዳንግላ)
ተመስገን። ለዘንድሮው ግን አትጋልበው። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲሜትር እንኳ በቅጡ አያድግም፣ የሳሳው መርገጫ ወፍሮ ድንጋይ እስኪችል ጊዜ ይፈልጋል። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት የሚሮጥ ፈረስ ሕመሙን አይሰማም እንጂ ይጎዳል። የፈረሰኞች ማኅበራችሁ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ለከርሞም ጥር 23 አለ።

ጋሪ ነጂ (ደብረ ማርቆስ)
ቀጣዩን ጊዜ ስታስቆርጥ አጠገቡ ቁም። በጉጠት ትንሽ ትንሽ ይቁረጥ፣ በሞረድ ያስተካክል፣ መርገጫው በአውራ ጣት ሲጫኑት ሰርጎድ ካለ እዚያው አስቁመው።

ባለዳማው (እንጅባራ)
እሺ። ዘንድሮ ልጓሙን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እሱ በረቱ ይረፍ።