ከ1870 በፊት ያለውን የዘር ሐረግ በባሪያ አሳዳሪው ቤተሰብ ወረቀት ውስጥ እንዴት ልፈልግ?

የልጆቹ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የባለቤቴ ወገን ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ መሠረታቸው ሰሜን ካሮላይና፣ ኦሬንጅ ካውንቲ። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን 1870 ላይ ሲደርሱ ቆጠራው ይቆማል። በዚያ ዓመት የሕዝብ ቆጠራ ላይ ምንጅላታቸው ጂም 45 ዓመት፣ ሚስቱ 40 ዓመት ተብለው ከስድስት ልጆች ጋር ተመዝግበዋል። የቤተሰብ ስማቸው ካሜሮን ስለሆነ በባርነት የያዛቸው ስታግቪል የሚባለው ትልቅ እርሻ ባለቤት የካሜሮን ቤተሰብ ነው ብዬ ገምቻለሁ። የዚያ ቤተሰብ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ቻፕል ሂል፣ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ብዛቱ ግን ያስፈራል። ከየትኛው ወረቀት ልጀምር? ደግሞስ «ጂም» የሚል ስም ብቻውን ባገኝ የእኛው ጂም መሆኑን በምን ልለየው?

ዶሴ፦

እህቴ፣ ቻፕል ሂል ከመሄድሽ በፊት ግምትሽን ፈትኚው። የቤተሰብ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እኛ የአባትን ስም ስለምናስከትል ስም ሁሉ ወላጅን የሚናገር ይመስለናል። እዚያ ግን ነፃ ከወጡት ሰዎች አንዳንዱ የመጨረሻውን ጌታ ስም ያዘ፤ አንዳንዱ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዶ እናቱን ይገዛ የነበረውን ሰው ስም ወሰደ፤ ሌላው ራሱ የመረጠውን ስም አወጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በባርነት ያደጉ ሽማግሌዎችን ቃል ሲያስመዘግብ ከስታግቪል ሰዎች አብነር ጆርዳን፣ ሳይ ሃርትና ዶክ ኤድዋርድስ ተናግረዋል። ከሦስቱ አንዱም ካሜሮን አይባልም። እንግዲህ ካሜሮን የሚባል ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ስም የያዘው ደግሞ የስታግቪል ተወላጅ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የ1870ውን ገጽ ክፈቺና ከጂም ቤት በላይና በታች ያሉትን ሃያ ሃያ ቤቶች ሙሉ በሙሉ ገልብጪ። ጥቁሮቹንም ነጮቹንም። በባርነት አንድ ሰፈር የነበሩ ሰዎች ከነፃነት በኋላ ብዙ ጊዜ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር፤ እነዚህ ጎረቤቶች በኋላ በአሳዳሪው ዝርዝር ላይ አብረው ሲወጡ ትልቁ ምስክርሽ እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ የ1866 የጋብቻ ማረጋገጫ። ሰሜን ካሮላይና በዚያ ዓመት ባወጣችው ሕግ በባርነት ሳሉ የተጋቡ ሰዎች ካውንቲው ጸሐፊ ወይም ዳኛ ፊት ቀርበው ከመቼ ጀምሮ አብረው እንደኖሩ ያስመዘግቡ ነበር፤ ክፍያው 25 ሳንቲም ነበር። ጂምና ሚስቱ «20 ዓመት» ብለው ከሆነ 1846 አካባቢ ተጋብተዋል ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ካለ ሌላ ወላጅ መኖሩን ጠርጥሪ። ከዚህም ጋር ከባርነት የወጡትን ሰዎች ለመርዳት መንግሥት ያቋቋመውን የነፃ ወጪዎች ቢሮ (Freedmen's Bureau) ሰነዶች ተመልከቺ፤ ቢሮው ከ1865 እስከ 1872 ሠርቷል፣ ሰነዶቹም ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ። የሥራ ውሎቹ አሠሪውንና ሠራተኞቹን በስም ይጠቅሳሉ፤ የ1865 ውል ላይ ያለው አሠሪ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ጌታ ራሱ ነው።

የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ቆጠራ ላይ ብዙ ተስፋ አትጣዪ። የጌታው ስም አለ፤ የሰዎቹ ግን ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው የተጻፈው። ሌላ ቦታ ያገኘሽውን ለማመሳከር እንጂ «35 ዓመት፣ ወንድ፣ ጥቁር» የሚለውን መስመር ይዞ ይሄ የኛ ሰው ነው ለማለት አያበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ በኢንተርኔት የዘር ሐረግ ላይ ከተጫነ በኋላ ስሕተቱን ማንም አያነሳውም።

ብራና፦

ዶሴ ባለው ላይ ስለ ወረቀቶቹ ልጨምር። ክምችቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በዊልሰን ቤተ መጻሕፍት የደቡብ ታሪክ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 133 ነው። ዝርዝር መግለጫው በኢንተርኔት ይነበባል፤ እሱን ሳያነቡ ሳጥን ማዘዝ ቀን ማባከን ነው። ሩቅ ካለሽ ከፍተኛው ክፍል በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ የደቡብ ፕላንቴሽን መዛግብት በሚባለው ትልቅ የማይክሮፊልም ስብስብ ተከታታይ ጄ፣ ክፍል 1 ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያስመጡልሻል።

«ካሜሮን» ብለሽ ብቻ አትፈልጊ። ንብረቱ የሁለት ቤት ነው፦ የቤነሃንና የካሜሮን። ሪቤካ ቤነሃን ዳንከን ካሜሮንን በ1803 አገባች። አባቷ ሪቻርድ ቤነሃን በ1825 ሞተ፣ ወንድሟ ቶማስ በ1847፣ ዳንከን ራሱ በ1853፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ባለንብረት ልጁ ፖል ሆነ። በ1860 ቤተሰቡ ወደ 30 ሺህ ኤከር መሬትና ወደ 900 ሰው በባርነት ይዞ ነበር። እያንዳንዱ ሞት ሰዎችን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ያዛውራል፤ ስለዚህ በ1825 የተወለደ ጂም መጀመሪያ የሚገኘው በቤነሃኖች መዝገብ ላይ ሊሆን ይችላል። ኑዛዜ፣ የንብረት ግምትና የውርስ ክፍፍል የሚጻፉት በእነዚህ ዓመታት ስለሆነ ከእነሱ ጀምሪ።

ከዚያ የጫማ፣ የብርድ ልብስና የጨርቅ ዕደላ ዝርዝሮች። ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልይ ብትይኝ እንዲህ እላለሁ፦ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከስሙ በላይና በታች ያለውን አንብቢ። ጸሐፊው ዘር ለመመዝገብ አልተነሣም፤ ስንት ብርድ ልብስ እንደወጣ ነው የሚቆጥረው። ብርድ ልብስ ግን ለቤት ስለሚታደል ቤተሰቡ አንድ ላይ ይጻፋል፦ እናት ወይም ባልና ሚስት፣ ከሥራቸው ልጆች ከትልቅ ወደ ትንሽ። ዕድሜ ባይጻፍም ተራው ራሱ ዕድሜን ይናገራል። የጨርቅ ዝርዝር ላይ ያርዱ፣ የጫማ ዝርዝር ላይ የእግሩ ርዝመት ከዓመት ዓመት ሲያድግ ልጅ መሆኑ ይታወቃል።

ይህ የማይሠራበት ዝርዝር አለ፣ ተጠንቀቂ። አንዳንዱ መዝገብ ሰዎቹን በጾታና በጉልበት ይከፍላል፤ ሙሉ ሠራተኛ፣ ግማሽ ሠራተኛ፣ ሥራ የማይችል እያለ። እዚያ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ዝምድና አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ዕድሜው 38፣ 17፣ 14፣ 9፣ 3፣ ከዚያ እንደገና 41፣ 20፣ 16 እያለ ደረጃ በደረጃ የሚወርድና መልሶ የሚወጣ ከሆነ በቤተሰብ የተጻፈ ነው። ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ከሆኑ አይደለም።

ተመሳሳይ ስም በሁለት መንገድ ይለያል። አንደኛው ጸሐፊው ራሱ የሚጨምረው ነው፦ ትልቁ ጂም፣ የሱኪ ጂም፣ አናጺው ጂም። ሁለተኛው ሰፈሩ ነው። መሬቱ ፌርንቶሽ፣ ስኖው ሂል፣ ፊሽ ዳም፣ ሊትል ሪቨር እየተባለ በሰፈር ስለተከፈለ ዝርዝሩም በየሰፈሩ ነው። ይህን ለማየት ሰንጠረዥ አውጪ፦ ቀን፣ ሳጥንና ፎልደር፣ የዝርዝሩ ዓይነት፣ ሰፈር፣ ስሙ እንደተጻፈው (አታርሚው!)፣ ዕድሜ፣ ግምት በዶላር፣ ከላይ ሦስት ስም፣ ከታች ሦስት ስም። አሥር ዓመት ያህል ስትሞዪ ሁለቱ ጂሞች ራሳቸው ይለያያሉ።

የግምቱን ዓምድ ማንበብ ይከብዳል፤ ሰው ላይ ዋጋ ተጽፎ ማየት ነው። ግን አትዝለዪው። የወጣት ዋጋ ይወጣል፣ የሽማግሌ እስከ ዜሮ ይወርዳል። የ30 ዓመት ሰው ዋጋ በድንገት ግማሽ ከሆነ ታሟል ወይም ተጎድቷል፤ የዚያን ዓመት የሐኪም ደረሰኝና የካቦውን ደብዳቤ ፈልጊ።

የልጆቹ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የልደት መዝገብ ላይ የእናቲቱ ስም ብቻ ነው ያለው፤ አባት የለም። ደግሞ በአንድ ዓመት ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ ከጠፋ ሞቷል ማለት ነው?

ሰሌዳ፦

የአባቱ አለመጻፍ አባት አልነበረም ማለት አይደለም። ከ1662 የቨርጂኒያ ሕግ ጀምሮ በደቡቡ የጸናው ደንብ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል የሚል ነበር፤ ለባለንብረቱ የሚያስፈልገው እናቲቱን ማወቅ ነበር። ብዙ ባሎች ደግሞ የሌላ ጌታ ንብረት ተደርገው በጎረቤት እርሻ ይኖሩ ስለነበር በሚስታቸው ቤት ዝርዝር ላይ አይወጡም። ስለዚህ የጎረቤቶቹን ባለመሬቶች ወረቀትም ማየት ግድ ነው። ሌላው ፍንጭ የልጆች ስም ነው፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም መጠራቱ የተለመደ ነበር።

መጥፋትን በተመለከተ፣ «ሞተ» የሚል ካላገኘሽ ሞቷል አትበዪ። የካሜሮኖችን ስትፈልጊ ሦስት በሮች አሉ።

አንዱ አላባማ ነው። ፖል ካሜሮን በ1844 114 ሰዎችን ከሰሜን ካሮላይና አስነሥቶ ግሪን ካውንቲ ወደገዛው መሬት ላከ፤ በ1850ዎቹ ደግሞ ሚሲሲፒ፣ ቱኒካ ካውንቲ መሬት ገዝቶ ሰው አዛወረ። ወንድምና እህት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩት ያኔ ነው። የአላባማው መሬት ያለበት አካባቢ በ1867 ሄል የሚባል አዲስ ካውንቲ ውስጥ ስለገባ በ1870 ቆጠራ ግሪን ላይ ብትፈልጊ አታገኚያቸውም፤ ሄል ላይ ፈልጊ። ከዚያ የሚጻፉት የካቦዎች ደብዳቤዎች ግን ቻፕል ሂል ናቸው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች በስም ይናገራሉ፤ አንዳንዴም እዚያ ያሉት ሰዎች ለቀሯቸው ዘመዶች የላኩት ሰላምታ መጨረሻው ላይ አለ። ያቺን የመጨረሻ አንቀጽ ሳታነቢ አትለፊ፤ ዝምድናው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ከእሷ ነው።

ሁለተኛው በር ጋብቻ ነው። ሴት ልጅ ሲድሩ ሰዎችን አብረው ይሰጧት ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ከዚያ በኋላ በባሏ ስም ነው የሚመዘገቡት። የዳንከን ልጅ ማርጋሬት ጆርጅ ሞርዴካይን አገባች፤ የፖል ሚስት አን ደግሞ የዳኛው የቶማስ ረፊን ልጅ ናት። የሞርዴካይም የረፊንም ወረቀቶች እዚያው ዊልሰን ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ሽያጭና ዕዳ ነው፤ ይህ የሚገኘው በካውንቲው የውል መዝገብ ነው። ስጦታና የዕዳ መያዣ ውሎች ውስጥ ሰዎቹ በስም ይዘረዘራሉ፤ ማውጫው ግን በነጮቹ ስም ብቻ ስለተሠራ የሻጭንም የገዢንም ማውጫ መፈተሽ አለብሽ። ስታግቪል ዛሬ ያለበት ዱርሃም ካውንቲ የተቋቋመው በ1881 ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለው ኦሬንጅ ወይም ዌክ ነው።

ዶሴ፦

ስለ ማረጋገጫው አንድ ነገር። የ1870ው ቤት ላይ ያሉትን የሚስትና የልጆች ስሞች ከነዕድሜያቸው ጻፊ፤ ከ1865 በፊት የተወለዱትን ብቻ ለዪ። በአንድ ዝርዝር ላይ ጂም፣ ሚስቱና ቢያንስ ሦስት ልጆች በተመሳሳይ ተራ አብረው ከወጡ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጂም ብቻውን ከወጣ ገና ነው። የልጆቹ ዕድሜ በሁለት በሦስት ዓመት ቢዛነፍ አትደንግጪ፤ በ1870 የአዋቂዎች ዕድሜ ብዙ ጊዜ ወደ 5 እና ወደ 10 እየተጠጋጋ ነው የተጻፈው፤ 45 ያለው 41ም 48ም ሊሆን ይችላል።

ብራና፦

ለጉዞው፦ ሳጥኖቹን ቀደም ብለሽ እዘዢ፤ እርሳስ ብቻ ያዢ፣ ስክሪብቶ አይገባም። ፎቶ ያለ ፍላሽ። ከእያንዳንዱ ፎልደር በፊት የፎልደሩን መለያ ጽሑፍ ፎቶ አንሺ፤ አለዚያ ቤትሽ ስትገቢ 400 ፎቶ ይኖርሻል፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ግን አታውቂም። ገጹን ሙሉውን አንሺ፣ የጂምን መስመር ብቻ ቆርጠሽ አታስቀሪ። ዛሬ የማታውቂያት ከበላዩ ያለችው ሴት እናቱ ልትሆን ትችላለች።