ቪትዝ ላይ ስፔሰር፦ ፓራፋንጎ ሳይነካ ስንት ሚሊ?

የደሴው፦ እ.ኤ.አ. 2003 ሞዴል ቪትዝ ነው፣ ጎማው 175/65 በ14። አራት ሰው ጭኖ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። መንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ጥምዝ ላይ እንዳይፈትግ ስንት ሚሊ ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከኋላው የሚገባው ቀለበት) ልግዛ?

ጎሚስታው፦ ሳትለካ አትግዛ። አራቱን ሰው አስቀምጠህ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ አንጠልጥልና እስከ ጎማው ሆድ ያለውን ክፍተት ለካ። ስፔሰሩ ጎማውን በውፍረቱ ልክ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ክፍተቱ 18 ሚሊ ከሆነ 10 ይበቃሃል፣ ቀሪው ለጥምዝና ለጉድጓድ ነው። ከፊት ደግሞ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ አዙር። ብዙ ጊዜ የሚነካው ጠርዙ ሳይሆን ከባምፐሩ ጥግ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ እሱን ማንም አያይም።

ዳዶ ቆጣሪ፦ ልኩ ላይ እስማማለሁ፣ ግን 10 ሚሊ በነባሩ ቡሎን አይሆንም። ቡሎኑ 12 በ1.5 (ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ አንዱ ዙር 1.5 ሚሊ) ስለሆነ ዳዶው ቢያንስ 8 ዙር መያዝ አለበት፤ 10 ሚሊ ወደ 7 ዙር ይበላል። ረጅም ቡሎን ካላስገባህ ተወው። የስፔሰሩ መሃል ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሆኖ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ላይ ልክክ ይበል፣ ካልሆነ መሪ ያንቀጠቅጣል። የሞዞውን ዝገት በብረት ብሩሽ አጽዳ፣ ዳዶውን በ103 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ ኮምቦልቻ ሁለት ደርሶ መልስ ከሄድክ በኋላ ድገመው።

የደሴው፦ 20 ሚሊ የራሱ ቡሎን ያለውስ?

ዳዶ ቆጣሪ፦ ክፍተትህ 18 ከሆነ ጎማው ከፓራፋንጎው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ኩሽኔታም ይጎዳል።